ለደስታ ሲባል ወደ አደጋ መግባት ይገባልን?

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ይህን ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ውሃ ለመናገር ሳይሆን፣ ሰውን ቀስ በቀስ ስለሚጎትት መጥፎ ልማድ፣ ስለ ክፉ ባልንጀርነት ወይም ስለ ዕዳ ለማስጠንቀቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ምሳሌውን እንደ ቃሉ ወስደን፣ በእርግጥም እየሳቁ ወደ ኃይለኛ ውሃ ስለሚገቡ ሰዎች ልንነጋገር እንወዳለን።

ተራራና ጥልቅ ሸለቆ ባላቸው ብዙ አገሮች የወንዝ ጉዞ ዛሬ የታወቀ መዝናኛ ሆኗል። ሰዎች አምስት ስድስት ሆነው በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ይሳፈራሉ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳሉ፤ መቅዘፊያ ይይዛሉ፤ ከዚያም ወንዙ ከቋጥኝ ጋር እየተጋጨ፣ አረፋ እየደፈቀ በኃይል ወደሚወርድበት ሥፍራ ፈቅደው ይገባሉ። እንዲህ ያለውን ሥፍራ ከዚህ በኋላ «የውሃ ቁልቁለት» እያልን እንጠራዋለን። አብዛኞቹ ተጓዦች ልብሳቸው ረጥቦ፣ ፊታቸው በርቶ ይወጣሉ። ጥቂቶች ግን ሳይወጡ ይቀራሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ለዕለት እንጀራው ሳይሆን፣ ባልንጀራውንም ለማዳን ሳይሆን፣ ለደስታ ብቻ ሲል ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ ይገባዋልን? ጥያቄው የወንዝ ብቻ አይደለም። ገደል የሚወጣ፣ በሞተር ብስክሌት የሚሽቀዳደም፣ በክረምት የሞላ ወንዝ «እሻገረዋለሁ» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር የሚወራረድ ወጣት ሁሉ የሚገናኝበት ጥያቄ ነው። እኛ ግን የወንዙን ጉዞ መርጠናል። ምክንያቱም በዚያ ያለው ምርጫ ግልጽ ነው፤ ሰው ወይ ይገባል፣ ወይ ከዳር ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ፈጣን መልሶች

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ። የመጀመሪያው «ሕይወቱ የራሱ ነው፤ ያሻውን ያድርግ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በሰላም ቤት መቀመጥ እያለ ሞትን መፈለግ ዕብደት ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሆኖም ሁለቱም አይበቁም።

የመጀመሪያው መልስ የማይበቃው፣ ሰው ብቻውን የማይኖር ስለ ሆነ ነው። እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ጓደኛ አለው። ሲሰጥም ሊያወጣው የሚዘልለው ሌላ ሰው ነው። ማይክ ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በትንሽ ጀልባ የተራራ ወንዞችን በመውረድ ስመ ጥር ነበረ፤ በ1972 የእኛን ዓባይ ከወረዱት አንዱ ነው። በ1978 በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ የሞተው ግን ለራሱ ደስታ ሲጋፋ አልነበረም፤ በችግር ላይ የወደቀ የጉዞ ባልደረባውን ለመርዳት ሲሞክር ነበር። ይህ የፍቅር ሥራ ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ በወንዝ ላይ ማንም ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ አስይዞ አይጫወትም።

ሁለተኛውም መልስ አይበቃም። አደጋ ያለበት ነገር ሁሉ ዕብደት ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ከቤቱ ባልወጣ፣ ባሕር ባልተሻገረ፣ ተራራ ባልወጣ ነበር። ደግሞም ደስታ ከንቱ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በአሪዞና ክፍለ ግዛት ያለውን ግራንድ ካንየን የተባለውን ታላቅ ሸለቆ እንመልከት። የኮሎራዶ ወንዝ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቈርጦ ያወጣው ይህ ሸለቆ 446 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ሥፍራ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ከሥሩ ያሉት ጥቋቁር ዐለቶች ዕድሜያቸው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። ያን ሁሉ ዘመን በገደሉ ግድግዳ ላይ እያነበቡ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በወንዝ መውረድ፣ ሌሊት በአሸዋ ላይ ተኝቶ በሁለት ገደል መካከል ያለችውን ጠባብ ሰማይ መመልከት፣ ሰውን ትንሽነቱን ያስታውሰዋል። በአንድ ጀልባ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እኩል ካልቀዘፉ ጀልባዋ ትዞራለችና፣ መተባበርን ያስተምራል። ይህን ሁሉ «ከንቱ» ብሎ መጣል ለፍጥረት ውበት ምስጋና መንፈግ ይሆናል።

ስለዚህ መፈለግ ያለብን በ«ሁሉ ይፈቀዳል» እና በ«ሁሉ ይከለከላል» መካከል ያለውን መለያ መሥመር ነው።

ድፍረት ሁሉ ብርታት አይደለም

ስለዚህ ነገር በጥልቀት ካሰቡት አንዱ የአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነው። ብዙ ሰው ፍርሃት የሌለበትን ሰው ብርቱ ብሎ ይጠራዋል። ቅዱስ ቶማስ ግን ፈሪነትን ብቻ ሳይሆን፣ ሊፈራ የሚገባውን ነገር አለመፍራትንም እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል፤ ከልክ ያለፈ ድፍረትንም እንዲሁ። ሰው ሕይወቱን በተገቢው መጠን ሲወድ፣ እርስዋን ሊያሳጣው የሚችለውን ነገር በተገቢው መጠን ይፈራል። ፈጽሞ የማይፈራ ሰው ወይ አደጋውን አላወቀም፣ ወይ ሕይወቱን ንቋል። ሊቁ ይህን ብቻ አላለም፤ የብርታት ዋና ሥራው ወደ ፊት መወርወር ሳይሆን ጸንቶ መቆም እንደ ሆነ ያስተምራል። መወርወር የአንድ አፍታ ነገር ነው፤ መጽናት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

በወንጌልም ፈታኙ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር እንደ ጠየቀው እናውቃለን። ጌታ እምቢ አለ። እምቢታው የፍርሃት አልነበረም፤ ኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው እርሱ ራሱ ነውና። ልዩነቱ በመንገዱ አስፈሪነት ላይ ሳይሆን በአካሄዱ ምክንያት ላይ ነበረ። አንዱ ታይቶ ለመደነቅና ጥበቃን በግድ ለመጠየቅ ነው፤ ሌላው በፍቅር ራስን ለመስጠት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ወንዙ እንመለስ። በኮሎራዶ ወንዝ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጉዞዎች ስለ ጥያቄያችን ብዙ ይነግሩናል።

በመለያያው ቁልቁለት

በ1869 ግንቦት 24 ቀን ዐሥር ሰዎች በአራት የእንጨት ጀልባዎች ተሳፍረው ከዋዮሚንግ ተነሡ። መሪያቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ጆን ዌዝሊ ፓወል ነበረ። ዓላማቸው መዝናናት ሳይሆን በካርታ ላይ ባዶ የነበረውን አገር መመርመር ነበር፤ ሆኖም ዛሬ በዚያ ወንዝ ላይ ለደስታ የሚወርዱት ሁሉ የእነርሱን መንገድ የሚከተሉ ናቸው። በጉዞው መጀመሪያ አንዲቱ ጀልባ ተሰባብራ ብዙ ስንቅ ጠፋ። አንድ ሰው በሐምሌ ወር ጉዞውን ተወ። የቀሩት ዘጠኙ በበጋው ፀሐይ ጀልባዎቹን በገመድ ከዳር እያወረዱ፣ ያልተቻለውን በትከሻቸው ተሸክመው እያሳለፉ ወደ ታላቁ ሸለቆ ገቡ። በነሐሴ መጨረሻ የቀራቸው ምግብ የጥቂት ቀን ዱቄት፣ ጥቂት የደረቀ ፖምና ቡና ነበረ።

ነሐሴ 27 ቀን ከዚያ በፊት ካዩት ሁሉ የሚከፋ መስሎ የታያቸው የውሃ ቁልቁለት ፊት ደረሱ። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል ስለ ነበረ ጀልባውን በገመድ ለማውረድም ሆነ ተሸክሞ ለማለፍ አልተቻለም። በዚያ ምሽት ኦራሜል ሃውላንድ የተባለው ሰው ወደ መሪው ቀርቦ፣ እርሱና ወንድሙ ሴኔካ፣ ዊልያም ደንም ጭምር፣ ወንዙን ትተው በገደሉ ወጥተው በየብስ ለመሄድ እንደ ወሰኑ ነገረው። ፓወል አልተቈጣም። በኮከብ መለኪያው ያሉበትን ሥፍራ አስልቶ፣ ከሸለቆው መውጫ ምን ያህል እንደሚርቁ በአሸዋው ላይ ሥሎ አሳየው። ኋላ በ1875 ባሳተመው ዘገባ እንደሚተርከው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ በአሸዋው ላይ ሲመላለስ አደረ፤ እርሱ ራሱ ወንዙን ለመተው አስቦ ነበረ።

በነጋታው ተለያዩ። ስለ መለያየታቸው የምናውቀው ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት የቀሩት ስድስቱ ሁለቱን ጀልባዎች ከአንድ ትልቅ ዐለት በላይ እንዲያሳልፉ ረዷቸው። ስድስቱም ለሦስቱ ጠመንጃ ሰጧቸው፤ የወጥ ቤቱ ሰው የጋገረውን ቂጣ ተወላቸው። ፓወል ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ፣ ሌላው ባልደረባ ለእኅቱ እንዲደርስለት የእጅ ሰዓቱን በእነርሱ እጅ ላከ። የጉዞው መዝገብ ተከፍሎ ለሁለቱም ወገን ተሰጠ። እያንዳንዱ ወገን ሌላው ወደ ሞት የሚሄድ መስሎት ያለቅስ ነበር።

ስድስቱ ወደ ውሃው ገቡ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ወጡ። ከዳር ሲያዩት እንደ ፈሩት ያህል እንዳልነበረ ፓወል ጽፏል። ሦስቱ ተመልሰው እንዲከተሏቸው ጠመንጃ ተኮሱ፤ ማንም አልመጣም። ከሁለት ቀን በኋላ ነሐሴ 30 ቀን ስድስቱ ከሸለቆው ወጥተው መረብ የሚጥሉ ሰፋሪዎች አገኙ። ሦስቱ ግን በላይኛው አምባ ላይ ተገደሉ፤ ገዳዮቻቸው እነማን እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እዚህ ላይ አእምሮአችን ቶሎ ፍርድ መስጠት ይወድዳል። «እነሆ፣ ደፋሮቹ ዳኑ፤ ፈሪዎቹ ጠፉ» እንላለን። ይህ ግን ፍርድ ሳይሆን ውጤትን ማየት ብቻ ነው። ውሃው ጀልባዎቹን ገልብጦ፣ ሦስቱ በሰላም መንደር ቢደርሱ ኖሮስ? ያን ጊዜ «አስተዋዮቹ ዳኑ፤ ግትሮቹ ጠፉ» ባልን ነበር። ሰዎቹ ግን በዚያ ሌሊት ያው ሰዎች ነበሩ፤ ያወቁትም ያው ነበረ። የሰው ሥራ በጎነት የሚመዘነው ሲወስን ባየው፣ ባሰበውና በወደደው እንጂ ከእጁ ውጭ በሆነው ፍጻሜ አይደለም። ይህ ለወንዝ ብቻ አይሠራም፤ ሕመምተኛ ልጁን ለቀዶ ሕክምና የፈቀደ አባትም፣ ያልፈቀደ አባትም የሚያጽናናውና የሚመረምረው እውነት ይህ ነው።

ሰዎች ግን እንዲህ አልፈረዱም። በ1918 በሸለቆው ጫፍ ላይ ለፓወልና ለባልደረቦቹ በተመረቀው ሐውልት ላይ የሦስቱ ስም አልተጻፈም፤ እንደ ከዳተኞች ተቈጠሩ። ጀልባዎቹን በዐለቱ ላይ ያሳለፈው ትከሻ ተረሳ። በ1939 በተለያዩበት ሥፍራ ለሦስቱ መታሰቢያ የሚሆን ሰሌዳ እስኪተከል ድረስ ሰባ ዓመት አለፈ። ያ የውሃ ቁልቁለት ራሱ ደግሞ ዛሬ አይታይም፤ ከታች ሁቨር ግድብ ተሠርቶ ሐይቁ ሲሞላ ውሃና ደለል ዋጠው። ማንም ሄዶ «ይህ ነበር እንዴ ያስፈራቸው?» ብሎ ሊስቅባቸው አይችልም።

በጉዞው ከባድ ሰዓት ስድስቱ ያደረጉትን ሐውልቱን ያቆሙት አላደረጉም። ስድስቱ እምቢ ያሉትን ሰዎች አልሰደቡም፤ ስንቅ ሰጧቸው። ስለዚህ እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋናው ነገር ማን ትክክል እንደ ነበረ አይደለም። የፈራው ሰው «እኔ አልገባም» ማለት የቻለበት፣ ሌላውም ያለ ስድብ የሰማበት ኅብረት ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ነው።

ጃኬቱን ያልተቀበሉት

ሁለተኛው ጉዞ የተደረገው በ1928 ነው። ግሌንና ቤሲ ሃይድ የተባሉ አዲስ ተጋቢዎች ባልየው በገዛ እጁ በሠራት ጀልባ ታላቁን ሸለቆ ለማለፍ ተነሡ። ቢሳካላቸው ቤሲ ያን ሸለቆ በጀልባ ጨርሳ በማለፍ የታወቀች የመጀመሪያዋ ሴት ትሆን ነበር። በጉዞው አጋማሽ ወደ ሸለቆው ጫፍ ወጥተው ወንዙን በሚገባ የሚያውቀውን ፎቶግራፍ አንሺ ኤመሪ ኮልብን አገኙ። ኮልብ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲወስዱ መከራቸው፤ ባልየው አልተቀበለም። ኮልብ ኋላ እንደ ተናገረው፣ ወጣቷ ሚስት ጉዞውን ለመቀጠል የምትወድ አትመስልም ነበር። ሆኖም ቀጠለች።

ከኅዳር 18 ቀን በኋላ ያያቸው የለም። በታኅሣሥ ወር በአውሮፕላን ሲፈለጉ ጀልባቸው ሳትገለበጥ፣ ዕቃዋ እንደ ተጫነ በወንዙ ላይ ተገኘች። የግሌን አባት ልጁንና ምራቱን ፍለጋ በዚያ አስቸጋሪ አገር ብዙ ደከመ፤ አስከሬናቸው ግን አልተገኘም። በዚሁ ወንዝ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1938 ሁለት ሴት የዕፅዋት ተመራማሪዎች፣ ኤልዛዳ ክሎቨርና ሎይስ ጆተር፣ ኖርማን ኔቪልስ ከተባለው ጀልባ መሪ ጋር ሸለቆውን ጨርሰው በሰላም ወጡ። የሸለቆውንም ዕፅዋት ሰብስበው ለሳይንስ አስተዋወቁ። ስለዚህ እንቅፋቱ ሴት መሆን ወይም ወንዙን መውደድ አልነበረም።

በወጣቶቹ ባልና ሚስት ላይ ለመፍረድ እኛ አልተሾምንም። ነገር ግን ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። የፓወል ሰዎች አደጋውን አይተው፣ ተነጋግረው፣ የፈለገ ገባ፣ ያልፈለገ ቀረ። በሁለተኛው ጉዞ ግን ጃኬቱን መቀበል እንደ ውርደት ተቈጠረ፤ የአንዱ ምኞት ለሁለት ሰው ወሰነ። አደጋው ተመሳሳይ ነበረ፤ ለሰው የተሰጠው ክብር ግን አልነበረም።

ከዳር ቆሞ ማየት

ዛሬ በየዓመቱ ከሃያ ሺህ በላይ ሰዎች በዚያ ሸለቆ ይወርዳሉ። ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ በግል መሄድ የሚሹት ከ2006 ጀምሮ በዕጣ ይመረጣሉ። በወንዙ ላይ ያለ ሕይወት አድን ጃኬት መገኘት አይፈቀድም። ተጓዦች ቆሻሻቸውን፣ የዐይነ ምድራቸውንም ጭምር፣ በዕቃ ይዘው ይወጣሉ እንጂ በዳር አይተዉም። ሸለቆው ለሆፒ፣ ለሁዋላፓይ፣ ለሃቫሱፓይ፣ ለናቫሆና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች የአባቶቻቸው ምድርና የተቀደሰ ሥፍራቸው ስለ ሆነ፣ እንግዳ እግሩን የማያነሣባቸው ቦታዎች አሉ። ይህ ሁሉ ሕግ ደስታን የሚያበላሽ ቀንበር ሊመስል ይችላል። በእውነቱ ግን ደስታው የሌላውን ሰው መብት እንዳይነካ የሚጠብቅ አጥር ነው።

ከሕጉ ሁሉ በላይ ግን ጥሩ ጀልባ መሪዎች የሚጠብቁት አንድ ልማድ አለ። የውሃ ቁልቁለቶች እንደ ኃይላቸው ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ ይመደባሉ፤ ስድስተኛው ሰው ሊያልፈው በሚችለው ድንበር ላይ ያለ ነው። መሪው ከባድ ወደ ሆነ ሥፍራ ሲቀርብ፣ ለምሳሌ ላቫ ፎልስ ወደሚባለው ዝነኛ ቁልቁለት፣ ጀልባውን ከላይ በኩል ዳር ያስጠጋል። ከጀልባው ይወርዳል፤ ዐለቱን ወጥቶ ውሃውን ቆሞ ያያል። ዐለቱ የት እንደ ተሸሸገ፣ ውሃው የት ወደ ኋላ እንደሚገለበጥ፣ ሰው ቢወድቅ የት እንደሚያወጡት ይመረምራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ የወረደ ሰው እንኳ ይህን ያደርጋል፤ ምክንያቱም የወንዙ መጠን ከቀን ወደ ቀን ይለያያል፣ ትናንት የነበረው መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ካየ በኋላ ይወስናል፤ መግባት፣ በገመድ ማውረድ፣ ወይም ተሸክሞ ማለፍ። መሸከምን የመረጠ አይታፈርበትም።

ጥያቄያችን መልስ የሚያገኘው በዚህች ዐለት ላይ ነው ብለን እናምናለን። ለደስታ ሲባል ወደ አደጋ መግባት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በራሱም ብርታት አይደለም። የሚለየው ሰውየው ከመግባቱ በፊት በዳር ቆሞ ለሦስት ጥያቄዎች በሰጠው መልስ ነው።

የመጀመሪያው፣ «በእውነት አይቻለሁን?» የሚለው ነው። ሳያይ የገባ ደፋር ሳይሆን ዕውር ነው። ማየት ማለት የውሃውን ጠባይ፣ የራስን ዐቅም፣ የመሣሪያውን ደኅንነት ማወቅ ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ምክር መቀበልም ነው።

ሁለተኛው፣ «ከእኔ ጋር ያለው ሁሉ እምቢ ለማለት ነጻ ነውን?» የሚለው ነው። ነጻነት በአፍ «የፈለገ ይቅር» ማለት ብቻ አይደለም። የቀረው ሰው ማታ በእሳቱ ዙሪያ መሳለቂያ የሚሆን ከሆነ፣ ነጻ አልነበረም። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳም መሪው እውነቱን ካልነገረው ነጻ አይደለም።

ሦስተኛው፣ «ብወድቅ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሊያወጣኝ የሚገባው ባልደረባ፣ ከወራት በኋላ በሸለቆ ውስጥ የሚንከራተተው አባት፣ በቤት የቀረችው እናት ሁሉ በጀልባዬ ውስጥ ናቸው። «ፈሪ ለእናቱ» የሚለው ብሂል ለስድብ ይነገራል፤ በሚገባ ላዳመጠው ግን ሌላ እውነት አለው። የሰው ሕይወት የእናቱም ናት።

አንድ ሰው ሦስቱንም በቅንነት መልሶ ቢገባና ቢሞትስ? ያኔ እናዝናለን እንጂ አንወቅሰውም። ሕይወት እንደ ቀበሩት መክሊት ተሸሽጋ እንድትቀመጥ አልተሰጠችም፤ እንደ ጠጠርም እንድትወረወር አልተሰጠችም። ሳይመልስ ገብቶ በሰላም ቢወጣስ? ያኔም ደስ ይለናል እንጂ አናመሰግነውም። ውሃው ስለ ማረው ጠቢብ አልሆነምና።

በእኛ ወንዞች ዳር

ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ ነገር እንዳይመስለን። በ1973 ኦሞን በጎማ ጀልባ የወረዱት አሜሪካውያን ወጣቶች ከኮሎራዶ ልምድ ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ሪቻርድ ባንግስ አስቀድሞ በግራንድ ካንየን ጀልባ መሪ ሆኖ ሠርቷል። እነርሱ አዞና ጉማሬ ወዳለበት ወንዝ በፈቃዳቸው ገቡ። በየወንዞቻችን ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን በክረምት የሚሻገረው ገበያ ለመድረስ፣ በሽተኛ ለማድረስ፣ ልጁን ለማስተማር ነው። አንዱ አደጋን ይመርጣል፤ ሌላውን አደጋ ይመርጠዋል። ለደስታ የሚወርድ ሰው ይህን ልዩነት ከረሳ፣ ደስታው ልበ ደንዳናነት ይሆናል፤ ካስታወሰ ግን ድልድይ ላጣው ባልንጀራው የሚያስብ ሰው ይሆናል።

በየቁምስናው የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶቻችንን «አትሂዱ፣ አትሞክሩ» በማለት ብቻ አንጠብቃቸውም። ወጣትነት ወንዝ መሻገር ይወድዳል፤ ይህን ፍላጎት የሰጠው ፈጣሪ ነው። ይልቅስ ሁለት ነገር እናስተምራቸው። ከመግባት በፊት ወርዶ ማየትን እናስተምራቸው፤ ይህም ለጋብቻ፣ ለስደት ጉዞ፣ ለንግድም ይጠቅማቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባልንጀራቸው «እኔ አልገባም» ሲል ያለ ሳቅ መስማትን እናስተምራቸው። በሞላ ወንዝ ዳር ከቆሙ ወጣቶች መካከል የመጀመሪያው የሚገባው ደፋር ይባላል። ጓደኞቹ ሁሉ እየጮኹ ሲገፉት ዳር ላይ ጸንቶ የሚቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። እኛ ስም እንስጠው፤ ብርቱ እንበለው። ወደ ውሃውም የገባውን ለመቀበል ገመድ ይዞ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ያው በዳር የቀረው ነውና።